አደራ የሞላበት ሃርድ ዲስክ

ባለፈው ሳምንት የውሃ ሂሳብ ልከፍል ሄጄ፣ መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ልጅ «አባባ፣ ሲስተሙ ዛሬ ቀርፋፋ ነው፣ ትንሽ ይታገሱ» አለችኝ። እኔ ታገስኩ፤ ከኋላዬ የተሰለፉት ግን አልታገሱም። አንዱ «ይሄን ኮምፒውተር አውጥታችሁ ለቆራሌው ስጡት!» ብሎ ጮኸ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ከጠረጴዛው ሥር ካለው ሣጥን ቀጭ፣ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይወጣል፤ ከዚያ ዝም ይላል፣ ትንፋሹን የሰበሰበ ይመስል ይቆይና እንደገና ቀጭ ይላል። የጋለ አቧራ ሽታም አብሮት ይመጣል። ያን ድምፅና ያን ሽታ ስንት ዓመት ረስቼው ኖሬያለሁ! ልጅቷ «ደረሰኝዎን ይውሰዱ እንጂ አባባ» ብላ እስክትጠራኝ ድረስ ልቤ ወደ ድሮው ሱቄ ሄዶ ነበር። ቤት ከገባሁም በኋላ አልተመለሰም፤ እንግዲያው ልጻፈው ብዬ ብዕር አነሳሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ የሚያነብልኝ ሰው የጎደለውን እየሞላ ያንብብልኝ።

ሱቄ ዲላ ውስጥ አስፋልቱ ዳር፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ነበር። አሁን ቦታው ላይ ፎቅ ቆሟል፤ ከታች ባንክ፣ ከላይ የጥርስ ሐኪም። ያኔ ግን ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራች፣ በሯ ሰማያዊ የተቀባ አንዲት ክፍል ነበረች፤ በግራዋ ጫማ ሰፊ፣ በቀኟ ሻይ ቤት። ከወልቂጤ አካባቢ ከአጎቴ ጋር መጥቼ መጀመሪያ ጨውና ሳሙና፣ ኋላ ላይ ካሴት ሸጥኩባት። ኦርጂናል ካሴት አሥር ብር የነበረበትን ጊዜ ነው የማወራችሁ። አሥር ብር የሌለው ባዶ ካሴት ይዞ ይመጣና በባለ ሁለት ካሴቱ ቴፔ እቀዳለታለሁ፣ ሦስት ብር ይሰጠኛል። ቡና ሲደርስ ደግሞ ከተማው ሌላ ይሆናል። ከማጠቢያ ጣቢያዎቹ የሚመጣው የቡና ገለፈት ሽታ እንደ ጠላ ጥንስስ ኮምጠጥ ብሎ አየሩን ይሞላዋል፤ እንግዳ ሰው አፍንጫውን ይይዛል፣ እኛ ነጋዴዎች ግን ደስ ይለናል፣ ገበሬው እጁ ላይ ገንዘብ ገባ ማለት ነዋ። ባልየው ትከሻው ላይ ስፖንጅ ያለው ኮት ይገዛል፣ ሚስቱ እጅጌው ቡፍ ያለ አበባ በአበባ ቀሚስ፣ ልጆቹ ኮንጎ ጫማ፤ ከዚያ ተያይዘው ወደኔ ይመጣሉ፣ ቴፑን እንደ ሕፃን አቅፈው። የቡና ዋጋ በወደቀበት ዓመት ደግሞ ሰው ደጄ ላይ ቆሞ በነፃ ያዳምጣል። ምን ችግር አለው? ዘፈን ቢሰሙት አይጎድል።

በገበያ ቀን ሱቄ ሌላም ሥራ ነበራት። ከገጠር የመጣ ሰው የገዛውን ሁሉ ተሸክሞ ገበያ ለገበያ መዞር ስለሚከብደው፣ ዕቃውን የሚያምነው ሱቅ አስቀምጦ ይሄዳል። ከመደርደሪያዬ ጀርባ አንዲት ጥግ ነበረችኝ፤ የጨው ከረጢት፣ አዲስ ማጭድ፣ ጃንጥላ፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ፣ ሁሉም እዚያ ይውላል። ሕጉ አንድ ነው፤ የሰው አደራ ከሰው አደራ አይደባለቅም። ሁለት ሰዎች ከአንድ ነጋዴ የተገዛ አንድ ዓይነት ጨው ቢያስቀምጡ እንኳ የያንዳንዳቸው በየራሱ ገመድ ታስሮ ለየብቻው ይቀመጣል። አጎቴ ይህንን ሲያስተምረኝ ጆሮዬን ይዞ ነበር፤ ጆሮዬ ዛሬም ያስታውሰዋል።

ዱካሌን ያወቅኩት በዚያ ዘመን ነው። ይርጋጨፌ አጠገብ ያለችው የኢዲዶ ሰው ነው፤ ቡና አለው፣ እንሰት አለው፣ ከሁሉ በላይ ግን ድምፅ ነበረው። በጌዴኦኛ ሰርግ ላይ የሚዘፍን ሰው ነው፤ ከይርጋጨፌ እስከ ፍስሐ ገነት ልጁን የሚድር ሁሉ መጀመሪያ ዱካሌ የሚመቸውን ቀን ይጠይቅና ነው ሰርጉን የሚቆርጠው ይባል ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ኮቱ ክረምት ከበጋ ከላዩ የማይወርድ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነው። አንድ የገበያ ቀን መጥቶ ካሴት ሲያገላብጥ ቆየና፣

«ሸምሱ፣ የኔ ድምፅ ምን ዓይነት ናት?» አለኝ። አማርኛው እንደዚህ ነው፤ ወንዱን ሴት፣ ሴቷን ወንድ ያደርጋል። ከሱ አፍ ሲወጣ እኛም እንወደዋለን።

«አንተ አታውቀውም እንዴ?» አልኩት።

«እኔ ከውስጥ ነው የምሰማው። ሰው ከውጭ ነው የሚሰማው። አንድ ቀን ከውጭ ልስማት።»

ከሱቁ ጀርባ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ሰቅዬ፣ ሻይ ቤቱን ለትንሽ ጊዜ ዝም በሉልኝ ብዬ ለምኜ ቀዳሁት። ሙሽራዋ ከእናቷ ደጃፍ ስትወጣ የሚዘፍነውን ዘፈን ነው። መሃል ላይ አደራ የተቀመጠችው ዶሮ ጮኸች። ዱካሌ ሳያቋርጥ ቀጠለ፣ እኔ ሳቄን ለማፈን የብርድ ልብሱን ጫፍ ነከስኩ። ከዚያ አሰማሁት። አንገቱን ዘንበል አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማና «ጥሩ ነው ሰውዬው» አለ፣ ስለ ሌላ ሰው የሚያወራ ይመስል። ትንሽ ቆይቶ ግን ፊቱ ኮስተር አለ።

«ይሄ ካሴት አንተ ጋ ትቀመጥ። ሁለተኛ እንዳይወልድ። በየቤቱ ቴፕ ውስጥ ከገባሁ ማን ሰርግ ይጠራኛል?»

እውነቱን ነው። ከአንድ ካሴት ስንት ካሴት እንደሚወጣ ከኔ በላይ ማን ያውቃል? «አደራ» አለኝ፣ «አደራ» አልኩት፣ ጥጌ ውስጥ አስገባሁለት። ከዚያ በኋላ ለገበያ ሲመጣ ሰው ሲቀንስ ጠብቆ አንዴ ያስከፍተኝና ሰምቶ ይሄዳል።

ዘመን ሄደ። ካሴት ሲዲ ሆነ፣ ሲዲም ሳይቆይ ሞባይል መጣ። ሚሊኒየሙ ሊገባ አካባቢ ይመስለኛል፣ ከአዲስ አበባ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቼ፣ በጋቢ ጠቅልዬ፣ አውቶቡስ ውስጥ እስክሪኑን ጭኔ ላይ ሣጥኑን እግሬ ሥር አድርጌ አመጣሁ። ዝዋይ ላይ ምሳ ሊበሉ ሲወርዱ እኔ አልወረድኩም። የቀሩኝን ካሴቶች ከቴፑ በገመድ እያገናኘሁ ወደ ኮምፒውተሩ አስገባኋቸው። የዱካሌን ካሴት አስገብቼ እንደጨረስኩ ቴፑ በላብኝ፣ ክሩ ተጠምጥሞ ተቆራረጠ። በገበያ ቀን ሲመጣ ነገርኩት።

«ሴትዮዋ ዋጠው?» አለ፣ ኮምፒውተሩን በአገጩ እያሳየ።

«ድምፅህ እዚያ ውስጥ አለ። አልጠፋም።»

«ታዲያ አሁንም አንድ ነው» አለና ሳቀ፣ አፉን ሸፍኖ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮምፒውተሩ «ሴትዮዋ» ሆነ።

ያ የቻይና ሞባይል ዘመን ነው። ድምፁ ከአንድ ሰፈር ወዲያ የሚሰማ፣ ከላዩ መብራት የሚያበራ፣ ሲጠራ የሚንቀጠቀጥ ሞባይል። ሰዉ ሚሞሪ ካርዱን በመሃረብ ቋጥሮ ይመጣና «ሙላልኝ» ይላል፣ እሞላለታለሁ። ሚሞሪ ግን እንደ ምስር ፍሬ ትንሽ ነገር ነው፤ ይጠፋል፣ ይሰበራል፣ ልጅ ይውጠዋል። አንድ ጊዜ ጅግሶ የሚባል የኢዲዶ ሰው ሚሞሪው ጠፍቶበት እንደገና ሲያስሞላ «ሸምሱ፣ እኔ ጋ አይበረክትም። አንተ ጋ አስቀምጥልኝ፣ ሲጠፋብኝ መጥቼ እወስዳለሁ» አለኝ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለችው ቢጫ ምልክት ለኔ ከረጢት ነው የምትመስለኝ፤ አንድ ከረጢት ከፍቼ «ጅግሶ» ብዬ ጻፍኩባትና ዘፈኖቹን ከተትኩለት። ነገሩ ገበያ ውስጥ ተወራ። ከዚያማ ሁሉም መጣ። የወይዘሮ አበበች ከረጢት፣ የሹፌሩ ከረጢት፣ የማጠቢያ ጣቢያ ሴቶች ከረጢት። ፎቶም ያስቀምጣሉ፣ የልጅ ልደት፣ የቤት ክዳን። ሕጉንም አልረሳሁም፤ የሰው አደራ አይደባለቅም። አንድ ዘፈን አምሮ ሰው ሁሉ ሲወደው፣ በያንዳንዱ ሰው ከረጢት ውስጥ የየራሱን አስቀምጥለታለሁ። የዱካሌ ብቻ በአንድ ከረጢት አንድ ናት፤ እንዳትወልድ ተብያለሁና።

ሴትዮዋ መጀመሪያ ላይ ፈጣን ነበረች። ዓመታት ሲያልፉ ግን ዝግ አለች። ጠዋት እከፍታትና ሻይ ቤት ሄጄ ሻዬን ጠጥቼ፣ ከጫማ ሰፊው ጋር ስለ ዝናቡ ተነጋግሬ ስመለስ ገና ያቺ ክብ ነገር እየዞረች ነው። አንድ ዘፈን ለመገልበጥ ሰው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ወጣቶች አዲስ ኮምፒውተር አምጥተው ከፈቱ፤ ወዲያው አስገብቶ ወዲያው ያወጣል። ደንበኞቼ አስፋልቱን ሲሻገሩ አያቸዋለሁ፤ እነሱም ሲያዩኝ እፍር ብለው በጃንጥላቸው ይጋረዳሉ፤ ዝናብ በሌለበት!

ዱካሌም የታመመው በዚያው ሰሞን ነው። ጉሮሮውን አመመው፣ ችላ አለው፣ ባሰበት፣ ሐዋሳ ተልኮ ኦፕራሲዮን ሆነ። ከሞት ተረፈ፤ ድምፁ ግን ተመልሶ አልመጣም። ሲያወራ እንደ ደረቅ ኮባ ቅጠል ኮሽ ኮሽ የሚል ሹክሹክታ ብቻ ነው የሚወጣው፤ ጆሮህን ካላስጠጋህ አይሰማም። ሐኪሙ ቆይቶ ሊሻል ይችላል ብሎት ነበርና ያንን ቃል ጨብጦ ያዘ። «ለመጪው ቡና እዘፍናለሁ» ይላል፣ መጪው ቡና ይመጣል፣ ይለቀማል፣ ይሸጣል፤ «ለመጪው» ይላል። በየገበያው ቀን ከኢዲዶ ወርዶ፣ ከይርጋጨፌ መኪና ይዞ ይመጣና ደጄ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል። «ሴትዮዋ ዛሬ ተነሳ?» ይለኛል በዚያ ሹክሹክታው። ከፍቼ ድምፁን አሰማዋለሁ። ድሮ ከውጭ ልስማት ያለው ሰውዬ አሁን ሌላ የሚሰማበት አልነበረውም። ዘፈኑ ሲጫወት ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል። ገበያተኛውም ይቆማል፤ ዶሮዋ የምትጮህበት ቦታ ሲደርስ ሁሉም ይስቃል፣ እሱም ይስቃል፣ ያለ ድምፅ።

ከጓሮ ያለችኝን ክፍል የተከራየች ሰናይት የምትባል ልጅ ነበረች። የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የኮምፒውተር ክፍል ሠራተኛ። ምላሷ ሹል፣ ልቧ የዋህ። አንድ ቅዳሜ «ጋሽ ሸምሱ፣ ይሄ ነገር ሲንቀጫቀጭ እኔ እንቅልፍ አጣሁ እኮ፤ ልየው» ብላ ተቀመጠች። ስታይ ስታይ ቆየችና፣

«ሃርድ ዲስኩ ሼባ ሆኗል» አለችኝ።

«ሼባ ምንድን ነው?»

«ሽማግሌ።»

«ሽማግሌ ታዲያ ምን ይደረግለታል?»

«ሸክም ይቀነስለታል ጋሼ! ምን ጫኑበት ግን?»

እንዲገባኝ አድርጋ አስረዳችኝ። ውስጡ እንደ ድሮው ሸክላ የሚዞር ነገር አለ፣ ከላዩ መርፌ የመሰለ አለ። ዕቃው ሲበዛና ሲበታተን መርፌው የአንዱን ዘፈን ግማሽ እዚህ ጥግ፣ ግማሹን እዚያ ጥግ ሲፈልግ ይሮጣል፤ ቀጭ ቀጭ የሚለው እሱ ነው። ሸክላ ያስገባችው ለኔ ብላ ነው፤ ገባኝ፣ አዘንኩለትም። ስንት ዘመን ሳላውቅ ሽማግሌ ሳስሮጥ ኖርኩ! ከዚያ ከረጢቶቹን መክፈት ጀመረች። ሁለተኛውን ከፈተች፣ ሦስተኛውን ከፈተች፣ ዞር ብላ አየችኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ዘፈን በሁሉም ውስጥ አለ እኮ።»

«አዎ። ይሄ የጅግሶ ነው። ይሄ የወይዘሮ አበበች ነው። ይሄ ደግሞ የሹፌሩ።»

«ዘፈኑ አንድ ነዋ! አንዱን ትተን የቀረውን ብናጠፋው ለሁሉም ይበቃል።»

«ጅግሶ ጨው አስቀምጦ ሄደ፣ አበበች ጨው አስቀምጣ ሄደች። ጨው ጨው ነው ብዬ የአንዱን ልጣለው?»

ይህን ስትሰማ ሳቋን መያዝ አቅቷት መሬት ተቀመጠች። «ኧረ በናትዎ! እኔ ዩኒቨርሲቲ ስማር እንዲህ ዓይነት ነገር አላስተማሩኝም!» አለች ዕንባዋን እየጠረገች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ፤ ግን ባለቤቱን ሳልጠይቅ አንድም አይነካም አልኳት። ሳቋን አቆመችና «እሺ፣ ይጠይቁ» አለች። ይቺን ልጅ የወደድኳት ያኔ ነው።

በየገበያው ቀን የመጣውን ሁሉ ጠየቅሁ። «ዘፈንህን ከሌላው ሰው ዘፈን ጋር አንድ ላድርገው?» እላለሁ። ወይዘሮ አበበች «ቀላቅለው፣ ብቻውን ከሚበርደው» አለችኝ። ሹፌሩ «ዘፈኔ ካልጠፋ ሚስት አግባለት» ብሎ ቀለደ። ጅግሶ ግን «ከነማን ጋር ነው?» አለኝ። ስም ስጠራለት አንዱ ላይ ሲደርስ ብድግ አለ። «ከሱ ጋር? እንሰቴን በከብት ያስበላብኝ ሰውዬ! ዘፈኔን ከሱ ጋር ላሳድር? የኔ ለብቻው ይደር!» ሰናይት ስነግራት «የጅግሶ ለብቻው ይደር» ብላ ተወችለት። ሌላውን አራገፍን። ፎቶዎቹን በሲዲ ገለበጥናቸው። ከዚያ ደግሞ የተበታተነውን የሚደረድር ሥራ አስጀመረችው፤ እስክሪኑ ላይ ሰማያዊና ቀይ መስመሮች ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። ገበያተኛው በሩን ሞልቶ ያያል። አንዱ «ማን እየመራ ነው?» ሲል፣ ከፊት ያለው «ሰማያዊው። ቀዩ ተከላካይ የለውም» አለው። ያን ቀን ሻይ ቤቱ ብዙ ሻይ ሸጠ።

ትንሽ ፈጠነ። ሰናይት ግን ፊቷ አልፈካም። ጆሮዋን ሣጥኑ ላይ አስጠግታ ቆየችና «ጋሼ፣ ይሄ አሁን የሸክም ጉዳይ አይደለም። ራሱ መርፌው ታሟል። አንድ ቀን ይቆማል፤ ከቆመ ደግሞ አይነሳም። ሌላ ቦታ የማይገኝ ምን አለ እዚህ ውስጥ?» አለችኝ። የሰዉ ዘፈን በየሱቁ አለ። ፎቶው ወጥቷል። አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው።

«የዱካሌ» አልኳት።

«አሁን በፍላሽ እንገልብጠው። አያውቅም።»

«አደራ ነው ሰናይት። ሁለተኛ እንዳይወልድ ብሎኛል።»

«እሺ፣ እሱንም ይጠይቁ» አለች።

በገበያው ቀን ዱካሌ ሲመጣ ሻይ ጋብዤው ጀመርኩ። ሴትዮዋ ታማለች፣ አንድ ቅጂ ብቻ እናውጣ፣ ያቺም እኔው ጋ ትቀመጣለች አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። «ለመጪው ቡና ድምፄ ይመጣል። ያኔ በአዲስ ኮምፒውተር አዲስ ትቀዳኛለህ። ለምን ቅጂ? ቅጂ የሞተ ሰው ነው» አለ። ክፉ አልመለሰልኝም፤ እጄን መታ መታ አደረገና ሻዩን ጠጣ። የተረዳሁት ያኔ ነው። ድሮ ቅጂ የከለከለኝ ለእንጀራው ብሎ ነበር፤ አሁን ሰርግ የሚጠራው የለም። እሺ ማለት ከእንግዲህ አልዘፍንም ማለት ሆነበት። እኔ ዘፈኑ እንዳይጠፋ እለምነዋለሁ፣ እሱ ተስፋው እንዳይጠፋ ይከለክለኛል። ሁለታችንም አንድ ድምፅ ነው የምንጠብቀው፤ ሣጥኑ ግን ሁለታችንንም አይጠብቅም። እኔ መለመኑን ስተው ሰናይት ተቀበለችኝ፤ «ጋሽ ዱካሌ፣ እኔ ልሙትልዎ አንዴ ብቻ» ትለዋለች፤ ይስቃል፣ አፉን ይሸፍናል፣ እምቢ ይላል።

ቡናው ቀይ ሆኖ ሰዉ ለቀማ ላይ በነበረበት ሰሞን አንድ የገበያ ቀን ነው። ከማጠቢያ ጣቢያ የመጡ ሴቶች ደመወዛቸውን ተቀብለው ሻይ ቤቱ ደጅ ቁጭ ብለዋል፣ ዱካሌ አግዳሚው ላይ ነው። ሴትዮዋን ከፈትኳት፤ ፀሐይ ከጫማ ሰፊው ደጅ እስከ እኔ ደጅ ስትደርስ ገና አልተነሳችም። ተነሳች በመጨረሻ። ዘፈኑ ጀመረ። ዶሮዋ ጮኸች፣ ሰዉ ሳቀ። ከዚያ ጥቂት እንደሄደ፣ ሙሽራዋ ዞር ብላ እናቷን የምታይበት ስንኝ ላይ፣ ድምፁ ተሰነቀረ። አንዲት ቃል ላይ ተይዞ ደጋገመ፣ ደጋገመ፣ ከዚያ ቀጭ አለና ፀጥ አለ። እስክሪኑ እንዳለ ደርቆ ቀረ።

ዱካሌ ብድግ አለ። የሚቀጥለውን ስንኝ ሊያነሳው አፉን ከፈተ፤ የአንገቱ ሥር ሲገታተር አየሁት። አየር ብቻ ነው የወጣው። እንደገና ሞከረ። ደጁ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። በዚህ መሃል ከሴቶቹ አንዷ፣ ሎሚ ቀለም ሻሽ ያሰረች፣ ቁጭ ባለችበት የዘፈኑን ተቀባይ አነሳችው። ሌሎቹ ተቀበሏት። በየሰርጉ ስንት ጊዜ ሲቀበሉት የኖሩ ሴቶች ናቸው። የአውራጁን ስንኝ አያውቁትም፣ የሱ ነው፤ ተቀባዩን ብቻ ደጋግመው ዘፈኑለት፣ እሱ እንደቆመ። እጁን አፉ ላይ አደረገ፤ የሚስቅ መስሎኝ ነበር።

ሲጨርሱ ወደኔ መጣና አንገቴን ይዞ ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠጋ። «አይመጣም፣ ሸምሱ» አለኝ። ቀጠለና «ስጣቸው» አለ።

«አንድ ቅጂ?»

«አንድ አይደለም። ለሁሉም። ይውለድ።»

ሰናይትን ከሥራዋ አስጠራኋት፤ እየሮጠች መጣች። ኮምፒውተሩን አጥፍታ፣ አሳርፋ፣ ሲበርድ ከፈተችው። ያልተነበበውን እየዘለለ የሚገለብጥ ነገር አለ አለችና እሱን አስጀመረችው። ቁጭ ብለን ጠበቅን፤ ዱካሌ፣ እኔ፣ ሰናይት፣ ሴቶቹም አልሄዱም። መርፌው ያቃስታል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይነሳል። ልጅቷ «አይዞህ ሼባው፣ አንዴ ብቻ» እያለች ሣጥኑን ትደባብሰዋለች። ወጣ። ከፍላሹ ስናሰማው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አለ፤ ያ የተሰነቀረበት ስንኝ ብቻ ባዶ ነው፤ ዝምታ። ሰናይት ደጋግማ ሞከረች፣ አልተነበበም። «ትንሽ ቀደም ብለን ቢሆን…» ብላ ጀመረችና ዱካሌን አይታ ተወችው። ሃርድ ዲስኩ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም፣ ቆመ። ሰናይት በሌላ ለወጠችልኝ፤ አዲሱ ሻዬን ሳላዝዝ ይነሳ ነበር፣ አስፋልቱን የተሻገሩትም ቀስ በቀስ ተመለሱ።

ያን ቀን ግን ከሴቶቹ ሞባይል ጀመርኩ። ቀጥሎ ሞተር ነጂዎቹ መጡ፣ ቀጥሎ ገበያተኛው። አንድ ሳንቲም አልተቀበልኩም። ጅግሶም የራሱን በራሱ ከረጢት አስቀመጠ። ገበያው ሲበተን አንዱ ሞተር ወደ ይርጋጨፌ ያንን ድምፅ በኪሱ ይዞ ሲወጣ፣ ሌላው ተከተለው፤ ዱካሌ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ድምፁ ሲርቅ ያዳምጥ ነበር። እስኪጠፋ ድረስ ዞር አላለም።

በተከታዩ ዓመት ትንሿን ልጁን ሲድር ጠራኝ፤ ኢዲዶ ሄድኩ። እንግዳ ያስተናግዳል፣ አዲስ ኮት ለብሷል። ልጅቷ ከደጃፍ ስትወጣ አንዱ ወጣት ሞባይሉን ከትልቅ ስፒከር ጋር አገናኝቶ የአባቷን ዘፈን ለቀቀው። ሰዉ ተቀበለ። ያ ባዶ ቦታ ሲመጣ ሁሉም ዝም አለ፣ ሙሽራዋም እግሯ ተገታ። ዝምታው ሰርግ ላይ ሲሆን ሱቄ ውስጥ ከነበረው ይረዝማል። ዱካሌ ያኔ ከእንግዶቹ መሃል ወጣ አለና ሁለቱን መዳፎቹን ከፍ አድርጎ አጨበጨበ፤ አንዴ፣ ደገመ። ልክ ሁለተኛው ላይ ድምፁ ከስፒከሩ ተመለሰ። ሰዉ በእልልታ አቀለጠው። በሚቀጥለው ሰርግም እሱ ሲያጨበጭብ አብረውት አጨበጨቡ። ከዚያ ወዲያ እሱ ባይኖርም አጨበጨቡ።

ዱካሌ ካረፈ ቆየ። ሰናይትም አገሯ ገባች፣ በዓል ሲሆን ትደውልልኛለች። ዓምና የጓደኛዬ የልጅ ልጅ ፍስሐ ገነት ስታገባ ሄጄ ነበር። ኪቦርድ ያለው ዘፋኝ አምጥተዋል፣ ፀጉሩን ሹሩባ የተሠራ፣ ጫማው ነጭ፣ ዱካሌን ስቀዳው ገና ያልተወለደ ልጅ። ሙሽራዋ ስትወጣ ያንኑ ዘፈን አነሳው። እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ አፉን ዘጋ፣ እጁን ከኪቦርዱ አነሳ፣ አዳራሹ በሙሉ ሁለት ጊዜ አጨበጨበ፣ ዘፈኑ ቀጠለ። እረፍት ሲወጣ ጠጋ ብዬ «ልጄ፣ እዚያ ቦታ ላይ ለምንድን ነው የምታጨበጭቡት?» አልኩት።

እንደማያውቅ ሽማግሌ ቆጥሮኝ በርኅራኄ አየኝ።

«ዘፈኑ እንደዚያ ነው አባባ» አለኝ። «ከጥንት ጀምሮ።»